የቀስር አል ሑስን ግድግዳና የአባት ቤት

ሰው ከሀገሩ ወጥቶ በባዕድ ምድር ሲቀመጥ ዐይኑ አስቀድሞ የሚፈልገው ሀገሩን የሚመስለውን ነገር ነው። ተራራ እያየ ያደገ ተራራ ይፈልጋል፤ የደወል ድምፅ እየሰማ ያደገም በሌሊት ነቅቶ ያደምጣል። ከላስታ ተነሥቶ ለሥራ ወደ አቡ ዳቢ የሄደው፣ በልጅነቱም ጥቂት ዓመት ቅኔ የተማረው እንግዳ ግን በዚያች ከተማ ተራራም ደወልም አላገኘም። ዘበኛ ሆኖ የሚጠብቀው ሕንፃ ፎቁ በፎቅ ላይ የተደራረበ፣ ግድግዳውም ከላይ እስከ ታች መስተዋት የሆነ ነበረ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ «በዚህ አገር ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ቤት የለም» እያለ ለባልንጀሮቹ ይናገር ነበር።

ይህ አነጋገሩ ስሕተት መሆኑን የተረዳው በሦስተኛው ዓመት ነው። የተረዳበትም ምክንያት የጥንት ቤት የማየት ፍላጎት ሳይሆን ከሀገሩ የደረሰው የስልክ መልእክት ነበረ። በዐሥራ አምስት ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ እንዲህ አለው፤ «ጋሼ፣ የአባታችን ቤት ግድግዳ ከሥሩ እየተፈረፈረ ነው። ጐረቤቱ ሁሉ በስሚንቶ ሲለስን የእኛ ብቻ ድንጋይና ጭቃ ሆኖ ቀረ። ልጇ ዐረብ አገር ተቀምጦ እናት በጭቃ ቤት ታድራለች እየተባለ መሳቂያ ሆነናል። ስሚንቶውን በከፊል ገዝተን ግንበኛው በአንዱ ወገን ጀምሯል፤ የቀረውን ገንዘብ ይላኩልን።»

ቤቱ በላስታ አገር ደንብ የተሠራ ነው። ክብ ሆኖ በድንጋይ የተገነባ፣ በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ጭቃ የገባበት፣ ሁለት ደርብ ያለው፣ ክዳኑም ሣር የሆነ ቤት ነው። ከታች ከብት ያድርበታል፤ ከላይ ሰው ይኖርበታል፤ ወደ ላይኛው ደርብ የሚወጣውም በውጭ በኩል በተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው። የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ በብርድ ወራት ሰውን ያሞቃል። አባቱ ይህን ቤት ከአባታቸው ወርሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረውበታል፤ አስከሬናቸውም የወጣው ከዚያ ቤት ነው። እንግዳው ገንዘቡን ለመላክ ሲነሣ፣ ዕዳ ሳይሆን የልጅነት ግዴታ የሚከፍል ሆኖ ተሰምቶት ነበር።

በዕረፍት ቀኑ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ወጣ። ሐዋላ የሚልክበት ሱቅ የሚገኘው በከተማው መካከል፣ አል ሑስን በተባለው ሰፈር አጠገብ ነበረ። ሱቁ እስኪከፈት ድረስ ጥላ ሲፈልግ፣ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ዝቅ ብሎ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ግንብ አየና ገባ። ይህም በአቡ ዳቢ ከተማ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ቀስር አል ሑስን ነበረ።

የዚህ ቤት ታሪክ ከውሃ ይጀምራል። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የበኒ ያስ ነገድ ሰዎች በደቡብ በኩል ባለው የሊዋ ምድረ በዳ በተምር ሥር ይኖሩ ነበር። በ1760ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአቡ ዳቢ ደሴት የሚጠጣ ውሃ ተገኘ፤ በጨው ባሕር መካከል የሚጠጣ ውሃ ማግኘት ከወርቅ የሚበልጥ ስለሆነ ምንጩን የሚጠብቅ ክብ ግንብ ተሠራ። በዘመኑ መጨረሻም ሼክ ሻክቡት ቢን ዲያብ መቀመጫቸውን ከሊዋ ወደ ደሴቲቱ አዛወሩ፤ የዘብ ግንቡም ሰፍቶ በቅጥር የተከበበ ምሽግ፣ የገዢው ቤተ ሰብም መኖሪያ ሆነ። በዙሪያው የነበረው ሕዝብ ግን የሚኖረው ከተምር ዝንጣፊ በተሠሩ ጎጆዎች ነበረ፤ የሚተዳደረውም ዓሣ በማጥመድና ከባሕር ሥር ሉል በማውጣት ነው።

በ1930ዎቹ የጃፓን ሰዎች ሉልን በሰው ጥበብ ማብቀል በመቻላቸውና የዓለም ገበያ በመውደቁ የሉሉ ንግድ ፈረሰ፤ አገሩም በችግር ተያዘ። በ1939 ከ1928 ጀምሮ ይገዙ የነበሩት ሼክ ሻክቡት ቢን ሱልጣን ዘይት የመፈለግ ፈቃድ ለውጭ አገር ኩባንያ ሰጡ። በዚያ ገንዘብም በአሮጌው ምሽግ ዙሪያ አዲስና ሰፊ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ሥራውም እስከ 1940ዎቹ መካከል ቈየ። ዘይቱ ወደ ውጭ መላክ የጀመረው በ1962 ስለሆነ፣ ይህ ቤት አገሩ ከመበልጸጉ በፊት በድኻ ሰው ዕቃ የተሠራ የመጨረሻው ታላቅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

የድኻ ዕቃ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። በደሴቲቱ ላይ የሚጠረብ ጥሩ ድንጋይ የለም፤ ዋርካም ዝግባም አይበቅልም። ስለዚህ ግንበኞቹ ከባሕር ሥር ዛጐላማ ድንጋይ እያወጡ፣ ጨውነቱን እያጠቡና እያደረቁ ግድግዳውን ገነቡ። ኖራውንም ከዛጐልና ከባሕር ድንጋይ አቃጥለው አዘጋጁና ለሰኑት። ለጣራው የሚሆነው እንጨት ከምሥራቅ አፍሪቃ ዳርቻ በመርከብ ይመጣ ነበር፤ ይኸውም በባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ የሚበቅል ጠንካራ እንጨት ነው። የእንጨቱ ርዝመት አጭር በመሆኑ የክፍሎቹ ስፋት ከሦስት ሜትር እምብዛም አይበልጥም። እንግዳው ጠባብና ረጃጅም ክፍሎችን ሲያይ ገዢዎቹ ጥበትን የወደዱ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን የክፍሉን ልክ የወሰነው የባለቤቱ ፈቃድ ሳይሆን በሩቅ አፍሪቃ የበቀለው እንጨት መሆኑን ተረዳ። በላስታም ቢሆን የቤቱን ስፋት የሚወስነው የሚገኘው ወራጅ ርዝመት መሆኑን አስታወሰና ፈገግ አለ።

ዳሩ ግን ኪሱ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ያስታወሰው ሌላ ነገር ነበረ። ከግድግዳው አብዛኛው ያልተለሰነ ነው፤ የባሕሩ ድንጋይ እንደ ቀፎ ተቦርቡሮ ይታያል። እንግዳውም በሚያውቀው ጥቂት ዐረብኛ አስጐብኚውን፣ «ይህን ያህል ሀብት ያለው መንግሥት ይህን ግድግዳ ስለ ምን ሳያስለስነው ቀረ?» ብሎ ጠየቀው። አስጐብኚውም፣ «ተለስኖ ነበር፤ ልስኑን ማንሣት ነው ብዙ ድካም የጠየቀው» አለና ነገሩን አስረዳው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተደረገው ታላቅ ጥገና ሕንፃው በሙሉ በአዲስ ዘመን ነጭ ልስን ተሸፍኖ ነበር። ያን ጊዜ ሲያዩት ያማረ ነበረ፤ የከተማው ሰው «ነጩ ምሽግ» እያለ ይጠራው ነበር። ነገር ግን ግድግዳው ከውስጥ ይታመም ጀመር። የባሕር ድንጋይ ውሃ ይመጣል፤ በደሴቲቱ ሥር ያለው ውሃም ጨው የበዛበት ነው። ይህ ጨዋማ እርጥበት በግድግዳው ሥር ወደ ላይ ሲወጣ ቀድሞ በኖራው ልስን በኩል ይተን ነበር፤ ኖራ አየር ያስተላልፋልና። አዲሱ ጠንካራ ልስን ግን እርጥበቱን አፍኖ ያዘው። ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ ውስጥ ቀረ፤ ጨውም በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ እየረጋ፣ እየተነፋም ድንጋዩን ከውስጥ ፈረፈረው። ስለዚህ በኋላ ዘመን የተነሡት ጠጋኞች የመጀመሪያ ሥራቸው ያን ልስን በጥንቃቄ እየፈለፈሉ ማውረድና ግድግዳው እንዲተነፍስ ማድረግ ሆነ። ቤቱም በታኅሣሥ ወር 2018 ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ።

እንግዳው ይህን ከሰማ በኋላ ወደ ሐዋላው ሱቅ አልሄደም። ሆኖም ልቡ ወዲያው አልረጋም። የባሕር ድንጋይና የላስታ ድንጋይ አንድ አይደለም፤ በላስታ የጨው ባሕር የለም፤ ከአንድ አስጐብኚ ቃል ተነሥቶ ቤተ ሰብን ማሳዘን ደግሞ ችኩልነት ነው። ደግሞም ልስን ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይቻልም። ከአቡ ዳቢ በስተ ምዕራብ ባለችው በሲር በኒ ያስ ደሴት በ1992 የክርስቲያኖች ገዳም ፍርስራሽ ተገኝቷል። ገዳሙ በሰባተኛውና በስምንተኛው መቶ ዓመት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኰሳት የኖሩበት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ መካከል በልስን ላይ የተቀረጹ መስቀሎች ወጥተዋል፤ ከሺህ ዓመት በላይ በአሸዋ ውስጥ ተቀብረው ሳለ ቅርጻቸው አልጠፋም። እንግዲህ ጥያቄው መለሰን ወይም አለመለሰን አይደለም፤ ልስኑ ከግድግዳው ጠባይ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ነው።

ስለ ጭቃ ቤት ለመረዳትም በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኑ ወደ አል ዓይን ሄደ። አል ዓይን ከአቡ ዳቢ ወደ ምሥራቅ አንድ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐፊት ተራራ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ስሟ በዐረብኛ «ምንጭ» ማለት ነው። ግእዝ የተማረ ሰውም ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ ዐይን የሚለው ቃል ለሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ነውና፣ «ዐይነ ማይ» ሲል የውሃ ምንጭ ማለቱ ነው። በእርግጥም ከተማዋን ያኖራት ከምድር ሥር በተቈፈረ ቦይ የሚመጣው ውሃ ነው፤ ይህንም ቦይ ፈለጅ ይሉታል። በአካባቢው ከተገኙት ፈለጆች አንዳንዱ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። የተምሩ ደንና የጥንት መቃብሮቹ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በተምሩ ደን ምዕራባዊ ዳር በ1937 የተሠራው የሼክ ዛይድ ቤት ይገኛል። ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን ከ1946 ጀምሮ በዚያ አውራጃ የገዢው እንደራሴ ሆነው ኖረዋል፤ በ1966 የአቡ ዳቢ ገዢ ሲሆኑ ወደ ባሕሩ ዳር ተዛወሩ፤ በ1971ም የተባበሩት ኤምሬቶች የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ቤቱ በ2001 ሙዚየም ሆነ። ደርቡ ከፍ አይልም፤ ግቢው ከግቢ ተያይዞ፣ የእንግዳ መቀበያው፣ የቡና ቤቱ፣ የሴቶቹ ክፍልና የልጆቹ መማሪያ ለየብቻ ተለይተው የተሠሩ ናቸው። እንግዳውን ያስደነቀው የእንግዳ መቀበያው ከሁሉ አስቀድሞ በደጅ አጠገብ መገኘቱ ነው፤ በሀገሩም ቢሆን የትልቅ ሰው ቤት የሚታወቀው በደጁ በሚቀመጠው እንግዳ ብዛት ነውና።

ከዚያ ቀጥሎ ያየው የጃሂሊ ምሽግ ነው። ይህን ምሽግ ታላቁ ዛይድ የተባሉት ዛይድ ቢን ኸሊፋ ከ1891 እስከ 1898 በጭቃ ጡብ አሠሩት። አንዱ ግንቡ ክብ በክብ ላይ እየጠበበ በአራት ደረጃ የሚወጣ ስለሆነ በሩቅ ይታወቃል። በውስጡም ዊልፍሬድ ቴሲጀር ለተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ መታሰቢያ ዐውደ ርእይ ተዘጋጅቶለታል። ይህ ሰው በ1910 በአዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደ፣ በ1930ም በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ የተገኘ ነው። ከ1946 እስከ 1948 ባዶ ሩብ የተባለውን በረሃ ከበደዊን ጋር በግመልና በእግር ተሻግሮ አቡ ዳቢ ደረሰ፤ ሼክ ዛይድንም በአል ሙወይጂ ምሽግ አገኛቸው። ያነሣቸው ፎቶግራፎች የዚያን ዘመን ሕይወት ለዛሬ ሰው ያሳያሉ። በሸዋ አፈር ላይ ድክ ድክ ያለ ልጅ የዐረብን ምድረ በዳ ቤቶች በሥዕል ጠብቆ ማቈየቱን ሲያይ እንግዳው እንደ ዘመድ ሥራ ቈጠረለት።

ጃሂሊ በ2000ዎቹ ዓመታት ሲታደስ ጠጋኞቹ የተጠቀሙት በጭቃ ነው። ክፍሎቹን ለማቀዝቀዝ ቀጭን የውሃ ቧንቧ በግድግዳው ላይ ዘርግተው በላዩ በጭቃ መረጉት። የዘመኑ ጥበብ ከጥንቱ ጭቃ ጋር ተስማምቶ የሚሠራ መሆኑን በዚያ አየ። ጭቃ ዝናብ ያጥበዋል፣ ነፋስም ይልጠዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው መመረግ አለበት። በጠንካራ ስሚንቶ የተሸፈነ የጭቃ ግድግዳ ግን ችግሩ ከባሕሩ ድንጋይ ችግር አይለይም፤ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ አይወጣም፣ ጭቃውም ከውስጥ ይሟሟል፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ግን ልስኑ ቆሞ ስላለ ግድግዳው ጤነኛ ይመስለዋል።

በመመለሻው መንገድ ላይ እንግዳው በገዛ አገሩ የሆነውን ነገር አስታወሰ። ላሊበላ ከተወለደበት መንደር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከ1966 ጀምሮ በኢጣልያዊው የሥነ ሕንፃ ዐዋቂ በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሲጠገኑ ከተደከመባቸው ሥራዎች አንዱ፣ ቀደም ባለው ጥገና ዝናብ ይከላከላል ተብሎ በአንዳንዶቹ ላይ የተቀባውን የሬንጅ ልባስ ማስወገድ ነበረ። ይህን በልጅነቱ ከአረጋውያን ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን በአቡ ዳቢ ግድግዳ ፊት እስኪቆም ድረስ ትርጉሙን አላስተዋለውም ነበር።

ያን ዕለት ማታ ለወንድሙ ስልክ ደወለና፣ «ስሚንቶውን አቁም፤ የተለሰነውንም ከክረምት በፊት አውርዱት» አለው። ወንድሙ ዝም ብሎ ቈየና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በመስተዋት ቤት ተቀምጠው ለእኛ ጭቃ ይመርጡልናል?» አለው። እንግዳው በዚህ ቃል እጅግ አዘነ፤ ምክንያቱም ቃሉ ፍጹም ሐሰት አልነበረም። እርሱ የሚያድረው በመስተዋቱ ሕንፃ ውስጥ ሳይሆን ከስድስት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህን ግን ለቤተ ሰቡ ነግሮ አያውቅም። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገረው። የሚላከው ገንዘብ በስንት ወር እንደሚጠራቀም፣ ስለ ምንስ በማይጠቅም ሥራ ላይ እንዲውል እንደማይፈልግ አስረዳው። ቀጥሎም የባሕሩን ድንጋይ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራለት።

ወንድሙ ግን በቀላሉ አልተመለሰም። የተገዛውን ስሚንቶ ለነጋዴው መመለስ አይቻልም፤ ግንበኛው ቀብድ ተቀብሏል፤ የሰው አፍም አለ። በመጨረሻ ስልኩን እናቱ ተቀበሉ። እርሳቸውም የሁለቱንም ነገር ከሰሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔ ለዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አማቴ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ጭቃውን በጭድ አስቦክተው ያስመርጉ ነበር። አባትህ ካረፉ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተመረገም። ቤቱ የታመመው ጭቃ ስለሆነ ነው ወይስ ጠያቂ ስላጣ?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ከሁለቱ ልጆች አንዱም መልስ አልነበረውም።

የተላከው ገንዘብ በሌላ ሥራ ላይ ዋለ። በቤቱ ጀርባ ከተረተሩ የሚወርደውን ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ተቈፈረ፤ የክዳኑ ሣር ታድሶ የጠፈጠፉ ውሃ ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ ተደረገ፤ ከሥሩ የተፈረፈረውም ድንጋይ እየወጣ በሌላ ድንጋይና በጭቃ ተተካ። በአንድ ወገን የተለሰነው ስሚንቶ ግን በወንድሙ ልመና እንዳለ ቀረ፤ ጐረቤት የሚያየው በዚያ ወገን ስለሆነ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቤቱ ውስጥ ሦስቱ ወገን ደረቅ ሲሆን በስሚንቶው ወገን እስከ ወገብ ድረስ የእርጥበት መስመር ታየ። በዶማ እጀታ ሲመቱትም ልስኑ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ያን ጊዜ ወንድሙ ማንም ሳያዝዘው ልስኑን አወረደ። የተረፈውን ስሚንቶም ለከብቱ የውሃ ገንዳ ሠራበት፤ ገንዳውም እስከ ዛሬ አላፈሰሰም። ስሚንቶ በስፍራው ሲውል መልካም ዕቃ ነውና።

ከዚህ ታሪክ ትምህርት የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። በጥንት ቤት አጠገብ የሚማር ተማሪ፣ ለጥንት ቤተ ክርስቲያን ማሳደሻ ስእለት ይዞ የሚመጣ ተሳላሚም ልግስናው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ቀድሞ ማን በምን ይጠግነው እንደ ነበረ ይጠይቅ። የሠራውን ሰው ባያገኝ እንኳ ሲመርግ ያየች አንዲት አሮጊት አትጠፋም። አባቶች «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ተረት የተናገሩት ለዘራፊ ነው፤ የአባትን ቤት በማስጌጥ የሚያፈርስ ግን ዘራፊ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

እንግዳው አሁንም በአቡ ዳቢ በሥራው ላይ ነው። ሐዋላ ለመላክ በሄደ ቁጥር ወደ ቀስር አል ሑስን ጎራ ይላል። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ የሚልከው ገንዘብ ከሌላው ጊዜ ጥቂት ይበልጣል፤ ይኸውም የጭዱና የጭቃ አቡኪዎቹ ዋጋ ነው።